በሴሬንጌቲ ሜዳ የመጀመሪያው ቀን
(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሁለቱ የትምህርት መንፈቆች መካከል በነበረው ዕረፍት ወደ ታንዛንያ ከተጓዝነው አራት ተማሪዎች አንዱ፥ ያየውን ለማኅበራችን አባሎች እንዲያካፍል በተጠየቀ ጊዜ፥ ሦስቱ ጓደኞቼ ሸክሙን ወደ እኔ ገፉት። ጉዞአችን ከአንድ ሳምንት በላይ የፈጀ ቢሆንም ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ይኸውም ወደ አራዊቱ አገር ስለ ገባንበት ስለ መጀመሪያው ቀን ነው። የቀሩት ቀኖች በመጀመሪያው ቀን የጐረስነውን ስናላምጥ የዋልንባቸው ናቸው ለማለት ይቻላል።

አንዳንዶቻችሁ የአንበሳ ወሬ ለመስማት እንደ መጣችሁ ከፊታችሁ አነባለሁ። አንበሳውም በተራው ይመጣል። የንግግሬ ፍሬ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ በዚያ ሜዳ ላይ ያየነው የአራዊት ብዛት ከየት መጣ? መልሱን ስንፈልግ ሳናስበው ወደ ገዛ አገራችን ታሪክ እንደርሳለን። ዓመታቱን በኛ አቆጣጠር ነው ካላልሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ላስታውቅ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «ሳፋሪ» ሲባል ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያስበው አራዊትን ለማየት መሄድን ነው። በስዋሂሊ ቋንቋ ግን ቃሉ ጉዞ ማለት ብቻ ነው፤ ሥሩም ከዐረብኛ የመጣ ነው። ነጋዴ ሸቀጡን ይዞ ቢሄድ ሳፋሪ ነው፤ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢሄድ ሳፋሪ ነው፤ ዘመድ ለለቅሶ ቢሄድም ሳፋሪ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ጠመንጃ ይዘው የመጡት አውሮፓውያን አዳኞች ቃሉን ለራሳቸው ጉዞ ወሰዱት፥ በዚያው ቀረ። «አምስቱ ታላላቆች» የሚለው አባባልም የእነርሱ ነው። አንበሳ፥ ነብር፥ ዝሆን፥ አውራሪስና ጎሽ ይህን ማዕርግ ያገኙት በእግር ለሚያድናቸው ሰው ከሌሎቹ ይልቅ አደገኞች ስለ ሆኑ ነው። ዛሬ ጠመንጃው በፎቶግራፍ መሣሪያ ቢተካም፥ ጐብኚው አሁንም አምስቱን እየቈጠረ ምልክት የሚያደርግበት ወረቀት በኪሱ ይይዛል። የአዳኙ ዝርዝር ከአዳኙ በኋላ እስከ ዛሬ ይኖራል ማለት ነው።

ከአሩሻ ከተማ የምንነሣበትን ሰዓት መሪያችን ሲነግሩን «ሳአ ኩሚ ና ምቢሊ» አሉ። ቃል በቃል «በዐሥራ ሁለት ሰዓት» ማለት ነው። ከእኛ ጋር በአንድ መኪና እንዲሄዱ የተመደቡት አውሮፓውያን ባልና ሚስት ጉዞው በእኩለ ቀን ወይም በእኩለ ሌሊት መስሎአቸው ግራ ሲጋቡ፥ እኛ አራታችን ተያይተን ሣቅን። የስዋሂሊ ተናጋሪ እንደኛው ሰዓቱን የሚቈጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። ከቤታችን ብዙ ርቀን ሰዓታችን አብሮን መምጣቱ ደስ አሰኘን።

መሪያችን ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጉ፥ ከሴሬንጌቲ ሜዳ በስተ ምዕራብ ካለ መንደር የተወለዱ ሰው ናቸው። በአገሩ ልማድ በዕድሜ የገፋ ሰው «ምዜ» ተብሎ ይጠራል፤ እኛም «ምዜ» እያልን እንጠራቸው ነበር፤ እርሳቸውም «ልጆቼ» ይሉን ነበር። ከመነሣታችን በፊት ሦስት ነገር አስጠነቀቁን። አንደኛው ከተፈቀደው ቦታ በቀር ከመኪናው እንዳንወርድ ነው። ሁለተኛው ድምፃችንን ዝቅ እንድናደርግ ነው። ሦስተኛውን ግን በፈገግታ ነው የተናገሩት፤ «አንበሳ የት አለ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እዚህ ምን አለ ብላችሁ ጠይቁኝ» አሉን።

መንገዱ ከአሩሻ ወደ ምዕራብ ሲያመራ ብዙም ሳይቈይ ወደ ስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ይደርሳል። የኛን የዝዋይንና የላንጋኖን ሐይቆች የያዘው ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ተዘርግቶ እዚያ ድረስ ይሄዳል። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ወደ ኋላ ያየ ሰው የማንያራን ሐይቅ ከበታቹ ተነጥፎ ያገኘዋል። ከዚያ የቡናና የስንዴ ማሳ ባለበት ቀይ አፈር ላይ ጥቂት ይኬድና ወደ ንጎሮንጎሮ ጫካ ይገባል። እዚያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ጉሙና ብርዱ ጣርማ በርን ያስታውሳል። አፍሪካ ማለት ሙቀት ነው ብለው ቀጭን ልብስ ለብሰው የመጡት አብረውን የነበሩት ባልና ሚስት፥ ጋቢአችንን ለመዋስ ተገደዱ።

ጉሙ በተገለጠ ጊዜ ከፊታችን ያየነውን ነገር በቃል ለመግለጽ ያስቸግራል። ንጎሮንጎሮ ከብዙ ሺህ ዘመናት በፊት ወደ ውስጥ የተደረመሰ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ግድግዳው ዙሪያውን ሳይፈርስ ስለ ቀረ ታላቅ ገበቴ ይመስላል፤ ጥልቀቱ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሲሆን የወለሉ ስፋት 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ሆነን ጥቁር ነቁጥ ስናይ ቊጥቋጦ መሰለን፤ ምዜ የሩቅ ማያውን መነጽር ሰጡንና ስናይ የጎሽ መንጋ ነበረ። ወደ ውስጡ የምንወርደው በሌላ ቀን ስለ ነበረ በከንፈሩ ላይ አልፈን በምዕራቡ ቊልቊለት ወረድን።

በዚያ ቊልቊለት ላይ አንድ ነገር አየን። አንድ የማሳይ እረኛ፥ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆን ልጅ፥ ቀይ ሸማውን ተከናንቦ፥ ዱላውን በትከሻው አጋድሞና ሁለት እጆቹን በላዩ ሰቅሎ ቆሞአል። አቋቋሙ የመንዝን ወይም የቦረናን እረኛ ይመስላል። ከብቶቹ ይግጣሉ፤ ከከብቶቹ ኀምሳ እርምጃ ያህል ርቀው የሜዳ አህዮች ይግጣሉ። ልጁም የሜዳ አህዮቹን አያባርርም፥ የሜዳ አህዮቹም ልጁን አይሸሹም። በንጎሮንጎሮ ክልል፥ ከ1959 ጀምሮ በወጣው ሕግ መሠረት፥ ማሳዮች ከብታቸውን እያረቡ ከአራዊቱ ጋር በአንድ መሬት ይኖራሉ። ይህን ሥዕል አእምሮአችሁ ውስጥ አስቀምጡልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያም ወደ ኦልዱቫይ ገደል የሚወስደውን ምልክት አለፍን። ሜሪ ሊኪ በ1959 1.75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነውን የጥንት ሰው መሰል ራስ ቅል ያገኘችው እዚያ ነው። እኛ በ1974 ሐዳር ላይ በተገኘችው በድንቅነሽ ስንኰራ ላደግን ልጆች፥ ያ ምልክት የጎረቤት ደጃፍ መሰለን። ሰውና አውሬ በዚህ አገር አብረው መኖር የጀመሩት ትናንት አለመሆኑን ለማስታወስ ከዚህ የበለጠ ቦታ አይገኝም።

ወደ ሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ የገባነው በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ስሙ በማሳይ ቋንቋ ማለቂያ የሌለው ሜዳ ማለት ነው ይባላል፤ ስፋቱ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ድንበሩ አጥር የለውም፤ ሣሩም ከዚህም ከዚያም አንድ ነው። ነገር ግን ድንበሩን ካለፍን በኋላ ላም የለም፥ ጎጆ የለም፥ የሰው ጢስም የለም። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነበረ፤ በዚያን ሰዓት ግን ከመካከላችን ማንም ልብ አላለውም፤ ዐይናችን በሌላ ነገር ተይዞ ነበርና።

ስዋሂሊዎች ኙምቡ፥ እንግሊዞች ዊልድቢስት የሚሉት እንስሳ በኛ አገር ስለሌለ መልኩን ልግለጸው። ከፊት ሲያዩት በሬ ይመስላል፤ ከኋላ ሲያዩት ፈረስ ይመስላል፤ ጺሙ የፍየል ነው። በግርማ ሞገሱ የሚመሰገን እንስሳ አይደለም። ብዛቱ ግን ሌላ ነው። በስተ ቀኝ፥ በስተ ግራ፥ ከፊትም ከኋላም ምድሩ ጠቁሮ ነበር። መኪናው በመካከላቸው ሲያልፍ ጥቂት ይከፈቱና መልሰው ይዘጋሉ። ድምፃቸው እንደ ብዙ እንቁራሪት ጩኸት ነው። በጠቅላላው በዚያ ሜዳ ወደ 1.3 ሚሊዮን የሚጠጋ ኙምቡና በመቶ ሺህ የሚቈጠር የሜዳ አህያ ዝናሙን እየተከተለ በዓመት አንድ ጊዜ ይዞራል። በጥርና በየካቲት በደቡቡ አጭር ሣር ላይ ይሰፍራል፤ ክረምታችን ሲገባ ወደ ሰሜን ወጥቶ እስከ ኬንያ ድረስ ይሻገራል፤ በኅዳር ገደማ ይመለሳል። በደቡቡ ሜዳ የሚወልዱበት ምክንያትም አለ፤ አፈሩ ከአካባቢው እሳተ ገሞራዎች በወጣ አመድ የዳበረ በመሆኑ ሣሩ ለምታጠባ እናት የሚያስፈልገውን ማዕድን ይሰጣል፤ ሣሩም አጭር ስለ ሆነ አድብቶ የሚመጣ ጠላት ከሩቅ ይታያል።

እኛ የደረስነው በመውለጃው ወቅት ነበረና አንዲት ኙምቡ ስትወልድ አየን። ጥጃው መሬት እንደ ነካ ለመነሣት ሞከረ፥ ወደቀ፤ ደግሞ ሞከረ፥ ደግሞ ወደቀ። በሦስተኛው እግሮቹን አራርቆ ቆመ፤ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላው ከእናቱ ጐን እየተንገዳገደ ይሮጥ ነበር። አብዛኞቹ ጥጆች በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ይወለዳሉ። ጅብና አንበሳ የቻሉትን ያህል ቢበሉ እንኳ ሁሉን መጨረስ አይችሉም፤ የጥጆቹ መድኀኒት አብረው መወለዳቸው ነው።

አሁን የአንበሳው ተራ ነው። አንበሳውን ያገኘነው መኪኖች ተሰብስበው በማየታችን ነው። ዐሥራ አምስት የሚሆኑ መኪኖች አንድ ግራር ከበው ቆመዋል፤ ከጥላው ሥር ሁለት አንበሶች በጀርባቸው ተንጋለው ተኝተዋል። አንበሳ ከቀኑና ከሌሊቱ ሃያ ሰዓት ያህሉን በዕረፍት የሚያሳልፍ እንስሳ ነው፤ ስለዚህ የተለመደ ሥራውን እየሠራ አገኘነው ለማለት ይቻላል። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አንደኛው ጆሮውን አነቃነቀ፤ ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ሁሉ ተንጫጩ። ይህ ሁሉ ሲሆን የመኪኖቹ ጀርባ ለኙምቡዎቹ ነበረ፤ በዚያ በኩል ግን ሕይወት ይወለዳል፥ ይሞታል፥ ይሮጣል። ምዜ በዝግታ «እስኪ ደግሞ ወደ ኋላ እዩ» አሉን። ጓደኞቼ ሆይ፥ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፤ እንድናየው የተነገረን ነገር ልናየው የሚገባንን ነገር እንዳይጋርድብን መጠንቀቅ።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ማታ፥ በድንኳኖቹ አጠገብ በእሳቱ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ ነው። ከአውሮፓ የመጡት ሰውዬ በቀኑ ትዕይንት ልባቸው ተነክቶ «ዛሬ ያየነው ዓለም በተፈጠረበት ዕለት የነበረውን ነው፤ የሰው እጅ ያልነካው ነው» አሉ። እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። ምዜ ግን እሳቱን እየቈሰቈሱ «አያቴ ይህን አላዩም» አሉ። ሁላችንም ዝም አልን። «አያቴ በወጣትነታቸው ያዩአቸው ኙምቡዎች ጥቂቶች ነበሩ። ጥጆቹ ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚያልቁ ይነግሩን ነበር» አሉ። ከዚያም የከብቶቹን በሽታ ተረኩልን። ያን ማታ የሰማሁትን ከተመለስን በኋላ በቤተ መጻሕፍታችን ካነበብሁት ጋር አገናኝቼ ላቅርብላችሁ።

በ1887 ገደማ ከሕንድ ለኢጣልያ ጦር ከመጡ ከብቶች ጋር አንድ በሽታ በምጽዋ ወደብ ገባ። እኛ የደስታ በሽታ የምንለው ነው፤ ስሙንና ግብሩን እዩት። በሽታው ወደ ደጋው ወጣና የኢትዮጵያን ከብት ፈጀ፤ ከመቶው ዘጠና ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ ከዚያ ላይ ድርቁና አንበጣው ተጨመረ። በኛ አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1884 የነበረው ይህ ዘመን ነው አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የጠሩት። ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡ ያለ በሬ በመቈፈሪያ እንዲያርስ ለማደፋፈር ራሳቸው ዶማ ይዘው መቈፈራቸው ተጽፎአል። ይህን ሁላችንም ከታሪክ ትምህርት እናውቃለን። ብዙዎቻችን ያልተማርነው ግን በሽታው ከኛ አገር ወጥቶ የት እንደ ሄደ ነው።

በሽታው ወደ ደቡብ ሄደ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የማሳይ አገር ደረሰ፤ በ1897 ገደማ የአፍሪካን ደቡብ ጫፍ ነካ። ኦስካር ባውማን የተባለው የኦስትርያ ተጓዥ በ1892 ንጎሮንጎሮ ሲደርስ፥ ከብታቸው አልቆ በረኀብ አጥንታቸው የወጣ ማሳዮችን ማግኘቱን ጽፎአል። በዚያው ዓመት በወሎና በሸዋ ሰው በረኀብ ያልቅ ነበር። የሁለቱ ሕዝቦች ክፉ ቀን አንድ ነበረ፤ ገዳዩም አንድ ነበረ።

በሽታው ለከብት ብቻ የመጣ አልነበረም። ጎሹንም፥ ኙምቡውንም፥ ሌላውንም ባለ ሸኰና አውሬ ገደለ። በሶማሌ ሜዳ ላይ በብዙ መንጋ ይታይ የነበረው የስዌይን ቆርኬ ከተመናመነባቸው ምክንያቶች አንዱ እርሱ ነው፤ ይህ ቆርኬ ዛሬ የሚገኘው በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ፥ እንደ ሰንቀሌ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ነው። ከብቱና ሰው ሲያልቅ፥ ግጦሹን የሚግጥና ቊጥቋጦውን የሚመነጥር ጠፋ፤ ብዙው መሬት ዳዋ ለበሰ፤ በዳዋውም የቆላ ዝንብ ተራባ፤ የተረፈው ሰው ተመልሶ እንዳይሰፍር ከለከለው። የቅኝ ገዢዎቹ ሹማምንት የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ባዶውን መሬት አይተው ከጥንት ጀምሮ ባዶ የነበረ መሰላቸው። የሰው እጅ ያልነካው አፍሪካ የሚለው አስተሳሰብ ከሥሩ የነበረው አንዱ ነገር፥ ትኩስ መቃብር ነበረ።

የሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን በ1951 ተቋቋመ። በ1958 የማሳይ ሽማግሌዎች እንዲፈርሙ በተደረገው ስምምነትና በ1959 በጸናው ሕግ ማሳዮች የሴሬንጌቲን ሜዳ ለቀው ወጡ፤ በምትኩ በንጎሮንጎሮ ደጋ ከብታቸውን እያረቡ እንዲኖሩ ቃል ተገባላቸው። በዘጠኝ ሰዓት ድንበሩን ስናልፍ ላሙና ጢሱ የጠፋው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ብዛቱ ከየት መጣ? በ1961 ሰዎች በአውሮፕላን ሆነው ኙምቡውን በቈጠሩ ጊዜ ያገኙት ከሩብ ሚሊዮን ብዙ የማይበልጥ ነበረ። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፥ በ1977፥ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን ሊቃውንት መርምረው ደርሰውበታል። በ1950ዎቹ በፓርኩ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የእረኞቹ ከብት መከተብ ጀመረ። የበሽታው ማደሪያ ከብቱ ነበረና፥ ከብቱ ሲከተብ በሽታው ከአራዊቱም ጠፋ። ለኙምቡው አንድም መርፌ አልተወጋለትም። የላሟ ክትባት የአውሬውን ጥጃ አዳነ። ኙምቡው ሲበዛ ሣሩን በላው፤ ሣሩ ሲያጥር የሰደድ እሳቱ ቀነሰ፤ እሳቱ ሲቀንስ የግራሩ ችግኝ ለማደግ ቻለ። ከሥሩ አንበሶቹ ተኝተው ያየነው ዓይነት ግራር ሳይቀር ለከብት ሐኪሞች ባለ ዕዳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ደግሞ የአፍሪካ ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ናይሮቢ አጠገብ በሙጉጋ የምርምር ጣቢያ ዋልተር ፕላውራይት የተባለው የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አስተማማኝ ክትባት ሠራ። በ1962 የብዙ አገሮች ዘመቻ በምዕራብ አፍሪካ ተጀምሮ እየሰፋ ወደ ምሥራቁ መጣ። ክትባቱ ግን ቅዝቃዜ ይፈልግ ነበርና መንገድና ኤሌክትሪክ የሌለበት ቆላ አስቸገረ። ኋላ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቈይ ክትባት ሲሠራ፥ በኛ አገር በአፋር፥ ከእረኞቹ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ክትባቱን ተሸክመው በእግራቸው መንጋውን ተከተሉ። በኢትዮጵያ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ነው። በዓለም የመጨረሻው የታወቀው በ2001 በኬንያ፥ በዱር ጎሾች ላይ የታየው ነበረ። በ2011 በሽታው ከምድር ፈጽሞ መጥፋቱ ለዓለም ተነገረ። የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ፈጽሞ ያጠፋቸው በሽታዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ፈንጣጣ ነው፤ ሁለተኛው ይህ ክፉ ቀንን ያመጣብን በሽታ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ ይህን ሁሉ ያመጣሁት የአራዊቱን ውበት ለማርከስ አይደለም። እኔ ያን ጥጃ ሲነሣ አይቻለሁ፤ እስከ ዕድሜ ልኬ አልረሳውም። ነገር ግን ያ ሜዳ የሰው እጅ ያልነካው ነው የምንል ከሆነ ሁለት ሰዎችን ከታሪኩ እንሰርዛለን። አንደኛው ክትባት ተሸክሞ በእግሩ የሄደው ሰው ነው። ሁለተኛው ሜዳውን ለቆ የወጣው ሰው ነው። የመጀመሪያውን ስንሰርዝ ምስጋና እናስቀራለን፤ ሁለተኛውን ስንሰርዝ ግን ፍርድ እናጐድላለን።

ነገሩ ያለፈ ታሪክም አይደለም። አእምሮአችሁ ውስጥ አስቀምጡልኝ ያልኋችሁ እረኛ የሚኖርበት ንጎሮንጎሮ ዛሬ የክርክር ምድር ነው። የታንዛንያ መንግሥት ሰውና ከብት በዝቶ ቦታው እየተጐዳ ነው በማለት ከ2022 ጀምሮ ነዋሪዎችን በታንጋ ክፍለ አገር ወዳለው ወደ ምሶሜራ ማዛወር ጀመረ፤ የሚሄዱትም በፈቃዳቸው ነው ይላል። ብዙ ማሳዮች ግን በ1959 የተገባልን ቃል ፈረሰ፥ አገልግሎት እየተቀነሰብን በግድ እንድንሄድ እየተደረገ ነው እያሉ ይከራከራሉ።

ከእናንተ መካከል «አገር የውጭ ገንዘብ ያስፈልጋታል፥ ጐብኚው የሚመጣው ለአውሬው ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። «ከአውሬ በፊት ሰው ይቀድማል» የሚልም ይኖራል። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ሰውና አውሬ ከመጀመሪያው ጠላቶች ናቸው ከሚል ሐሳብ ስለሚነሡ አልጥመው አሉኝ። የሴሬንጌቲ ታሪክ የሚያሳየን የእረኛው ላምና የሜዳው ኙምቡ በአንድ በሽታ ታመው በአንድ መርፌ መዳናቸውን ነው። የእረኛውን ከብት ያልጠበቀ ሰው አውሬውንም ሊጠብቅ አይችልም ነበር። የእንስሳት ሕክምናው በዚህ መንገድ ከሠራ፥ የመሬቱ ሕግ ለምን በዚህ መንገድ ሊሠራ አይችልም? እረኛው በሚያውቀው መሬት ላይ በሚደረግ ውሳኔ ውስጥ ድምፅ ቢኖረው፥ ከጐብኚው ገንዘብም የሚደርሰው ቢሆን፥ ከጠባቂው ይልቅ ጠባቂ የሚሆነው እርሱ ራሱ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ጕዳይ የሚመስለው ካለ ወደ ቤቱ ይመልከት። የአዋሽን ፓርክ መሬት ከረዩዎችና አፋሮች ከብታቸውን ሲያበሉበት ኖረዋል፤ ዛሬም ድርቅ ሲመጣ ሳላውና ግመሉ በአንድ ሣር ይጋፋሉ። በሰሜን ተራሮች የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ለዋልያውና ለፓርኩ ሲባል ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ነገ የሕግ ዐዋቂ፥ የእንስሳት ሐኪም፥ የወረዳ አስተዳዳሪ የሚሆኑ አሉ። ካርታ ዘርግተው በእርሳስ ድንበር የሚያሰምሩት እነርሱ ናቸው። እርሳሱን ከማንሣታቸው በፊት በዚያ መሬት ላይ ቢያንስ አንድ ቀን ቢውሉ መልካም ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። አዋሽ ከአዲስ አበባ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ከጥቂት ነው፤ ጠዋት የተነሣ ለምሳ ይደርሳል። በሚቀጥለው ዕረፍት በአንድ አውቶቡስ ሆነን እንሂድ። ከኛ መካከል በአገሩ ገንዘብ ላይ አንበሳ ሲያይ ያደገ፥ አንድም የዱር እንስሳ በዱሩ ያላየ ብዙ ነው፤ ይህም ድህነታችን ብቻ ያመጣው አይደለም፤ ማየት የጐብኚ ሥራ ነው ብለን ስለተውነውም ነው። ስንሄድም በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጥያቄ ይዘን እንሂድ። እዚህ ምን አለ? ይህ ነገር እዚህ ሊኖር የቻለው በምን ምክንያት ነው? እዚህ የነበረና አሁን የሌለው ማን ነው? የመጀመሪያውን ጥያቄ ለዘበኛው አቅርቡ፤ ሁለተኛውን ለመምህራኖቻችን አቅርቡ፤ ሦስተኛውን ግን ከፓርኩ ድንበር ውጭ ከብት ለሚጠብቀው ሰው፥ ተቀምጣችሁ፥ ጊዜ ሰጥታችሁ አቅርቡለት።

ለጉዞው የሚመዘገብ ሰው ከስብሰባው በኋላ ስሙን ለጸሐፊያችን ይስጥ።